የባድ ብሬንስ ካሴት ደሴ ላይ፦ ሬጌ ፓንኩ፣ ያስቀዳሁበት ሱቅ እና ባንዱን የበተነው ጠብ

ወደ ገደለው ልግባ። ባድ ብሬንስ ሚባለው የዋሽንግተን ባንድ በፈረንጆቹ 1982 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም፣ ያኔ በካሴት ብቻ የወጣው፣ ሬጌና ፓንክ (ፈጣንና ጩኸት የበዛበት የሮክ ዓይነት) አንድ ላይ ከተሠሩባቸው ሥራዎች ሁሉ ለኔ አንደኛ ነው። ይሄን ምለው ሌላውን ሳልሰማ አይደለም፣ ክላሽ እና ፖሊስ ሚባሉትን የእንግሊዝ ባንዶችም በደንብ ሰምቻቸዋለሁ፣ ክላሾች በ1977 የጃማይካ ዘፈን ወስደው በራሳቸው ስታይል ሲጫወቱት በጣም አሪፍ ነው፣ ግን እነሱ ሬጌን ወደውት ነው የወሰዱት፣ ባድ ብሬንሶች ደግሞ አምነውበት ነው የገቡት፣ ራስታ ሆነው ማለት ነው፣ ልዩነቱ ካሴቱ ላይ ወዲያው ይሰማል።

ሪቪው ማደርገው ካሴቱን ብቻ አይደለም፣ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ወረድ ብሎ ያለችውን ካሴቱን ጠግነው ወደ ፍላሽ የቀዱልኝን ሱቅ ጭምር ነው፣ ምክንያቱም ቤታችሁ አሮጌ ካሴት ያላችሁ ሰዎች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ የባድ ብሬንስ ባይሆንም የማሪቱ ለገሰ ይሆናል፣ የመንዙማ ይሆናል፣ የሠርግ ይሆናል።

ካሴቱ የአጎቴ ነው። ዋሽንግተን ፓርኪንግ ሲሠራ አብሮት ሚሠራ ጥቁር አሜሪካዊ "ይሄ ያገርህ ባንዲራ አይደል?" ብሎ ነው የሰጠው። ሽፋኑን ላላያችሁት፣ መብረቅ ከሰማይ ወርዶ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ነው ሚያሳየው፣ ቀለሙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። አጎቴ አንዴ ከፍቶ ሰማውና "ይሄማ ጩኸት ነው" ብሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው፣ ካርቶኑ ከነዕቃው ደሴ ሲመጣ እኔ እጅ ገባ።

ሱቋ በፊት ደንበኛ ሙዚቃ ቤት ነበረች፣ አሁንም ግድግዳዋ ሙሉ ካሴት ነው፣ ግን አሁን ምትተዳደረው በሞባይል ካርድ፣ በሜሞሪ መጫንና በፎቶ ኮፒ ነው። ባለቤቱ ሸበቶ ሰውዬ ናቸው፣ ካሴት ሲይዙ እጃቸው ላይ ያለውን ጥንቃቄ ብታዩት ደስ ይላችኋል። ችግሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀባቸውም፣ ክሩን ከኋላ ሆና ሄዱ (ድምፁን ከክሩ ላይ ሚያነበው የቴፑ ክፍል) ላይ ምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ አለች አይደል፣ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃለች፣ እሷ ከሌለች ክሩ ሄዱን በደንብ ስለማይነካው ድምፁ ይርቃል፣ አንዴ ይጎላል አንዴ ይጠፋል። "አብሽር የኔ ልጅ፣ ክሩ ጤነኛ ነው" አሉኝ። ከዛ መሳቢያ ውስጥ ካጠራቀሟቸው ባዶ ካሴቶች አንዱን አውጥተው በትንሽዬ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈቱና ሁለቱን ጥቅል እንዳሉ ወደዛኛው ቀፎ አዛወሯቸው፣ ክሩን በጣታቸው አልነኩትም፣ በወረቀት ቁራጭ ነው እየደገፉ ያሳለፉት፣ መልሰው ከዘጉት በኋላ ደግሞ በቢክ እስክሪብቶ እስከ መጨረሻው አጠነጠኑት፣ ከዛ ወደ ኋላ መለሱት። "ለምንድነው ጋሼ?" ስላቸው ብዙ ዓመት ተጠቅልሎ ስለተቀመጠ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሳይላላ ቴፕ ውስጥ ከገባ ይበላዋል አሉ። የቴፑን ሄድ በአልኮልና በጥጥ ሲጠርጉት ጥጡ ቡኒ ሆኖ ወጣ፣ ያንን ቆሻሻ ይዛችሁ ነው ቤታችሁ ካሴት ምትሰሙት፣ በናታችሁ ጥረጉት።

ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር መጀመሪያ የሰጡኝ ፋይል ሁለቱም ገጽ አንድ ላይ ተቀጥሎ፣ በጣም የተጨመቀ ኤምፒስሪ ነበር፣ ቤዙንም "አሳምሬልሃለሁ" ብለው ከፍ አርገውታል። ለሌላ ዘፈን ሊያስኬድ ይችላል ለዚህ ግን አይሆንም፣ የዚህ ባንድ ቤዝ ራሱ በቂ ነው፣ ሲጨመርበት ጊታሩን ይውጠዋል። ሳስረዳቸው ምንም ሳይከፋቸው፣ ተጨማሪም ሳያስከፍሉ፣ ምንም ሳይነካኩ ሳይጨመቅ እንደገና ቀዱልኝ። ስለዚህ ስትሄዱ ከመጀመሪያው "እንዳለ ይቀዳልኝ፣ ሳይጨመቅ፣ ገጹ ለየብቻ" በሉ። ዋጋቸው ምንም ሚከብድ አይደለም።

አሁን ወደ ሙዚቃው።

15 ዘፈን ነው፣ ጠቅላላው ከ35 ደቂቃ አይበልጥም፣ አብዛኛው ሩጫ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፣ መሀል መሀል ላይ ግን ሬጌ ይገባል። ለኔ የካሴቱ ልብ ያለው "ባንድ ኢን ዲሲ" ሚለው አልቆ "ጃህ ኮሊንግ" ሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው፣ የዋሽንግተን ክለቦች አናስገባችሁም ስላሏቸው እየጮኹ እየሮጡ ነግረዋችሁ ድራሙ በቃ ሲል፣ ወዲያው ያ ሰፊ ቤዝ እየተንቀራፈፈ ይመጣል፣ ጊታሩ ከመምታት ወደ መንካት ይወርዳል፣ የሪቨርቡ ማስተጋባት ክፍሉን ይሞላዋል፣ ያው አራት ሰዎች ናቸው፣ መሣሪያውም ያው ነው፣ ግን ሌላ ቦታ ላይ ያላችሁ ነው ሚመስላችሁ። ትንሽ ቆይቶ "ሊቪንግ ባቢሎን" ይመጣል (ባቢሎን ራስታዎች ጨቋኙን ዓለም ሚጠሩበት ስም ነው)፣ እሱ ደግሞ ከካሴቱ ሁሉ ምርጡ ሬጌ ነው፣ ድምፃዊው ኤችአር እዛ ላይ ሚያወጣው ድምፅ ሲሮጥ ከነበረው ሰውዬ ጉሮሮ መውጣቱን ለማመን ይከብዳል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን አገናኛቸው ይላል። ወሎ ያደገ ሰው ግን እንደዛ ሚል አይመስለኝም ወላሂ። መንዙማ ሲጀመር በቀስታ ነው፣ ጀማው እየሞቀ ሲሄድ ድቤው ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ሰው ይነሳል፣ ሚባለው ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ውዳሴ ነው። ባድ ብሬንስንም እንደዛ ስሙት፣ ፈጣኑም ቀስ ያለውም ጸሎት ነው፣ ሁለት ዓይነት ባንድ እየሰማችሁ አይደለም።

ጉድለቱን ልናገር። ቀረጻው ሻካራ ነው፣ ኒውዮርክ 171 ኤ ሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራው፣ ፈጣኖቹ ላይ ኤችአር ምን እንደሚል ቃል በቃል መስማት ከባድ ነው፣ ግጥሙን ፈልጋችሁ እያነበባችሁ ብትሰሙ ይሻላል። መጨረሻ አካባቢ ያለው "አይ ላቭ አይ ጃህ" ደግሞ ከ6 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፣ ግማሹ ይበቃው ነበር እላለሁ።

እንዴት እንደተነሱ ሳታውቁ ካሴቱን መረዳት ስለሚከብድ ትንሽ ልበል። በ1970ዎቹ መሀል ላይ ማይንድ ፓወር በሚል ስም ጃዝ ፊውዥን (ጃዝን ከሮክ ጋር ያቀላቀለ) ነበር ሚጫወቱት፣ ከባድ ከባድ ነገር ልምምድ ያደርጉ ነበር፣ ለዛ ነው በዛ ፍጥነት አንድ ኖታ ሳይስቱ ሚጫወቱት። ፓንክን ሲሰሙ ወደሱ ዞሩ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ባድ ብሬንስ ሆኑ፣ ስሙንም ራሞንስ ከሚባለው የፓንክ ባንድ ዘፈን ነው የወሰዱት። ዶክተር ኖው ሚባለው ጋሪ ሚለር ጊታር፣ ዳሪል ጄኒፈር ቤዝ፣ ኤችአር ሚባለው ፖል ሃድሰን ድምፅ፣ ድራሙ ላይ ደግሞ የኤችአር ታናሽ ወንድም ኧርል ሃድሰን። ያኔ ፓንክ የነጮች ነገር ነበር ማለት ይቻላል፣ አራት ጥቁር ልጆች መጥተው ከሁሉም በላይ ፈጥነውና ጠንክረው ሲጫወቱ የዋሽንግተን ልጆች አፋቸውን ከፍተው ነው የቀሩት፣ በኋላ ሃርድኮር የተባለው ይበልጥ የፈጠነ ፓንክ ዋሽንግተን ላይ ከነሱ ነው የተማረው። ኤችአር መድረክ ላይ ወደ ኋላ ተገልብጦ በዘፈኑ የመጨረሻ ምት ላይ በእግሩ ያርፍ ነበር፣ ቪዲዮው አለ፣ እዩት።

ሌላው ሁሌ ሚደጋግሙት ፒኤምኤ ሚሉት ነገር አለ፣ ቀና አስተሳሰብ እንደማለት ነው፣ ከናፖሊዮን ሂል የስኬት መጽሐፍ የተወሰደ ነው፣ መጽሐፉን ለኤችአር የሰጠው አባቱ ነው። የሰውዬው መጽሐፎች እኛም ጋ በአማርኛ ተተርጉመው ይሸጣሉ፣ ከፓንክ ጋር ሚያገናኘው ሰው ይኖራል ብዬ በጭራሽ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዛ የቦብ ማርሌይን ኮንሰርት አዩ፣ ሬጌው ገባቸው፣ ቀጥሎ እምነቱ ገባቸው። በ1979 እንግሊዝ ለመጫወት ሄደው ከኤርፖርት ተመለሱ፣ አገራቸው ክለቦቹ ዘጉባቸው፣ በ1981 አካባቢ ጠቅልለው ኒውዮርክ ገቡ፣ ሲቢጂቢ ሚባለው ክለብ ቤታቸው ሆነ።

(በነገራችን ላይ የኛው ዋልያስ ባንድ አሜሪካን የዞረው በ1981 ነው፣ ከነሱ ውስጥ እነ ኃይሉ መርጊያ እዛው ዋሽንግተን ቀሩ። ባድ ብሬንስ ለቅቆ ሲወጣ የኛዎቹ ገቡ ማለት ነው። ኃይሉ በ1985 ለብቻው የሠራው ካሴትም እዛው አሜሪካ የተቀዳ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ተከታትለው እነዚህ ሁለት ድምፆች ነበሩ ብሎ ማሰብ እኔን በጣም ነው ሚያስደስተኝ።)

መፍረሱ ላይ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ኤችአር አስቸጋሪ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ካሴቱን ደጋግሞ የሰማ ሰው ጠቡ ከዛው ከመጀመሪያው እንደነበረ ያውቃል ባይ ነኝ። እምነቱ እየጠነከረ ሲሄድ ኤችአርና ወንድሙ ሩጫውን ትተው ሬጌ ብቻ መጫወት ፈለጉ፣ ዶክተር ኖውና ዳሪል ደግሞ ጊታሩን ማክበድ ፈለጉ፣ በቃ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ወገን፣ ጊታርና ቤዝ በሌላ ወገን። በ1983 የካርስ ሚባለው ባንድ መሪ ሪክ ኦካሴክ ፕሮዲውስ ያደረገላቸውን "ሮክ ፎር ላይት" አውጥተው ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ፣ ኤችአር ሂውማን ራይትስ በሚል ስም ሬጌውን ለብቻው ያዘ። ተመልሰው ተገናኙና በ1986 "አይ አጌንስት አይ" ሚለውን ሠሩ፣ ብዙ ሰው ትልቁ ሥራቸው ሚለው እሱን ነው፣ እዛ ላይ "ሴክሬድ ላቭ" ሚለው ዘፈን አለ፣ ኤችአር በማሪዋና ታስሮ ስለነበር ድምፁን ከእስር ቤት በስልክ ነው የቀዱት፣ ስሙት፣ ድምፁ ከስልክ እጀታ ውስጥ እንደሚመጣ በግልጽ ያስታውቃል፣ ባንዱ ስቱዲዮ ድምፃዊው እስር ቤት፣ እንደዛም ሆኖ ምርጥ ዘፈን ነው። ከዛ እንደገና ተለያዩ። በ1989 "ክዊክነስ" መጣ፣ እንደገና ተለያዩ። በ1993 ኤችአር በሌለበት በእስራኤል ጆሴፍ አይ ድምፅ "ራይዝ" ሚለውን ለትልቅ ኩባንያ ሠሩ። በ1995 አራቱም ተመልሰው በማዶና ኩባንያ በማቬሪክ "ጎድ ኦፍ ላቭ" አወጡ፣ ቢስቲ ቦይስ ከሚባለው የራፕ ቡድን ጋር ትልቅ ቱር ተያዘላቸው፣ እሱም በጠብ ተቋረጠ። በር በተከፈተላቸው ቁጥር ነው ሚበተኑት፣ ያሳዝናል።

የኔ ፍርድ፣ ሁለቱም ወገን ልክ አልነበረም። የኤችአርን ብቸኛ ሬጌ ሰምቻለሁ፣ ልቡ አለበት ግን ያ ከሩጫው በኋላ ሚመጣው እፎይታ የለም፣ ሁሉም አንድ ላይ የተኛ ነው። "ራይዝ"ንም ሰምቻለሁ፣ ጊታሩ ከባድ ነው አጨዋወቱም ንጹህ ነው፣ ግን የሚጸልይ ሰው የለበትም። ሬጌው ውበቱ ሩጫው መሀል ሲገባ ነበር፣ ሩጫውም ትርጉም የነበረው ሬጌው ስላለ ነው፣ ይሄን ደግሞ በ1982 እዛች ትንሽ ካሴት ላይ በደንብ ያውቁት ነበር። ክላሾችም እኮ በ1983 ጊታሪስታቸውን ሚክ ጆንስን አባረሩ፣ ከዛ በኋላ የሠሩት የመጨረሻ አልበም እንደ በፊቱ አይደለም፣ በ1986 ፈረሱ፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ያቆመ ባንድ አንዱን ሲቆርጥ ሌላውም ይደርቃል። ኤችአርን ስንፈርድበት ደግሞ የጤናውንም እናስብለት፣ ለዓመታት ከባድ የራስ ምታት በሽታ ሲያሰቃየው ኖሮ በ2017 የጭንቅላት ቀዶ ጥገና አድርጓል፣ ዶክተር ኖውም በ2015 ልቡ ታሞ ከሞት ነው የተረፈው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ ወሎ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ። እነዚህ ልጆች ጃህ ሲሉ ጃንሆይን ነው ሚሉት። እኛ ቤት ደግሞ ጃንሆይ ሲነሳ አብሮ ሚነሳው የ66ቱ ረሃብ ነው። ወሎ ላይ በኛ አቆጣጠር በ1965 እና 66 ሕዝብ እያለቀ መንግሥት ደብቆት፣ ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው፣ እሱ ነገር ነው ሲንከባለል መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋናቸው ያወረዳቸው። ባንዱ ስሙን ሲያወጣ እሳቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ስለዚህ "ሊቪንግ ባቢሎን" ስሰማ ሁለት ጃንሆይ ነው ሚመጣብኝ፣ አንዱ በ1928 በኛ አቆጣጠር ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት የተናገሩት፣ የዋሽንግተን ጥቁር ልጅ አንገቱን ቀና እንዲያደርግ ያደረጉት፣ አንዱ ደግሞ እህል ፍለጋ ከቀዬው ወጥቶ አስፋልት ዳር የቀረው የወሎ ገበሬ ያላያቸው። ኤችአር ሁለተኛውን ማወቁን እንጃ። እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ ነው ምሰማው፣ ዘፈኑን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ከባቢሎን ልውጣ ሚለው ጩኸት አስፋልት ዳር ለቀረው ገበሬም ይሆናል። ሽማግሌ ያለበት ቤት ጮክ አድርጋችሁ ልትከፍቱት ከሆነ ግን ስለማን እንደሚዘፈን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ማክበር ነው።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ መጀመሪያ ይሄን የ1982ቱን፣ ቀጥሎ "አይ አጌንስት አይ"ን። "ሮክ ፎር ላይት" ላይ ከካሴቱ የተደገሙ ዘፈኖች አሉበት፣ የጠራ ነው ግን እኔ ሻካራውን እመርጣለሁ። በ2007 የወጣው "ቢውልድ ኤ ኔሽን" ሚገርም ነው፣ የቢስቲ ቦይሱ አዳም ያውክ ነው ፕሮዲውስ ያደረገው፣ ኤችአር እዛ ላይ ሩጫው ውስጥ ሁሉ በሬጌ ድምፁ ተረጋግቶ ይዘፍናል፣ እኔ ወድጄዋለሁ፣ የድሮውን ጩኸት ምትፈልጉ ግን ላትወዱት ትችላላችሁ። "ጎድ ኦፍ ላቭ" ይለፋችሁ።

ዋናውን መግዛት ለምትፈልጉ፣ ከ2021 ጀምሮ የድሮ ሥራዎቻቸውን መብት መልሰው ይዘው በራሳቸው ሌብል እንደገና እያሳተሙ ነው፣ የመጀመሪያውም በሸክላ ጭምር አለ፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲመጣ አስመጡ፣ ቢያንስ ብሩ ለራሳቸው ይደርሳል። በስልክ ምትሰሙ ከሆነ ደግሞ በኢርፎን ስሙት፣ የስልክ ስፒከር የዳሪልን ቤዝ ጨርሶ አያወጣውም፣ ቤዙ ከሌለ ደግሞ ሬጌዎቹ ባዶ ናቸው።

ሱቋን ምትፈልጉ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ስትወርዱ በግራ በኩል፣ በሩ ላይ ትልቅ ጥቁር ስፒከር ያለበት ነው። ዓርብ ከሄዳችሁ ከጁምዓ በኋላ ሂዱ፣ በሰላት ሰዓት ዝግ ነው። ካሴታችሁን ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ አትውሰዱት፣ ባዶ ካሴት ካላችሁም አትጣሉት፣ ለቀፎው ይፈልጉታልና ውሰዱላቸው፣ ከሂሳቡ ላይ ይቀንሱላችኋል።